ምዕራፍ 6፦ የአሸዋ ጎተራ

በምዕራፍ 5 ስለ ወንዞች በተነገረበት ክፍል፣ የዓባይ ገባሮች በየክረምቱ ከጎጃምና ከወሎ ተራሮች አጥበው የሚወስዱት አፈር ቦታ ለወጠ እንጂ እንዳልጠፋ፣ ከአንዱ ማሳ የተቀነሰውም በሌላው አገር ደለል ሆኖ እንደተደመረ ተብራርቷል። ይህ ምዕራፍ ያንኑ ሐሳብ ከወንዝ ወደ ሐይቅ ዳርቻ ያሻግረዋል። ዳርቻ ላይ የተነጠፈ አሸዋ እንደ ዐለት ተተክሎ የሚኖር ቢመስልም፣ ነገሩ ገቢና ወጪ ያለው፣ ሁለቱ በተመጣጠኑበት ዘመን ብቻ ባለበት የቆመ የሚመስል ሒሳብ ነው። ከዳርቻው ጀርባ ነፋስ የከመረው የአሸዋ ጉብታ ደግሞ የዚህ ሒሳብ ተቀማጭ፣ በገበሬ አነጋገር ጎተራው ነው።

የመሬት ገጽ አጥኚዎች ለዚህ የሰጡት ስም «የአሸዋ በጀት» የሚል ሲሆን፣ ቃሉ ከመሥሪያ ቤት የተወሰደ ቢሆንም ትርጉሙ ለማንኛውም ቤተሰብ ግልጽ ነው። በወሩ የገባው ደመወዝ ከወጪው ከበለጠ ቁጠባው ያድጋል፤ ካነሰ ቁጠባው ይበላል፤ እኩል ከሆነ ግን ብሩ በየቀኑ እየገባና እየወጣ ሳለ ሒሳቡ ያልተነካ ይመስላል። ዳርቻን በየዓመቱ የሚጎበኝ ሰው ያንኑ አሸዋ ያየ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ፣ አምና እግሩን ካሳረፈባቸው ቅንጣቶች ብዙዎቹ ዘንድሮ ሌላ ቦታ ናቸው።

ለማሳያነት የተመረጠው የካናዳዋ ከተማ ቶሮንቶ ዳርቻ ነው። በዚያ የአሸዋው ማሳ፣ የአሸዋው መንገድና የአሸዋው ጎተራ በአንድ ከተማ ክልል ውስጥ ስለሚገኙ፣ የሒሳቡን መዝገብ ከገጽ ገጽ ማገላበጥ ይቻላል። በተጨማሪም ቶሮንቶ፣ በተለይ የዳንፎርዝ ጎዳና አካባቢ፣ የብዙ ኢትዮጵያውያን መኖሪያና የምግብ ቤቶቻቸው መደዳ በመሆኑ፣ ከአንባብያን መካከል በበጋ እሑድ ወደዚህ ዳርቻ ልጆቹን ይዞ የሚወርድ አይጠፋም። ዓመታቱ በሙሉ፣ በቀደሙት ምዕራፎች እንደተለመደው፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቦታው

የኦንታሪዮ ሐይቅ ጨው አልባ ቢሆንም በአሠራሩ ባሕርን የሚመስል ውሃ ነው። ስፋቱ ወደ 19,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ ከጣና ሐይቅ ከ5 እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ ጥልቀቱም የጣና ከፍተኛ ጥልቀት 14 ሜትር ገደማ ሆኖ ሳለ የእርሱ 244 ሜትር ይደርሳል። በዚህ ስፋት ላይ ነፋስ የሚያስነሣው ማዕበል ዳርቻን ለመገንባትም ለማፍረስም አቅም አለው።

ከቶሮንቶ መሃል ከተማ ፊት ለፊት፣ ወደቡን እንደ ታጠፈ ክንድ ከልለው የተኙት የቶሮንቶ ደሴቶች ናቸው። ከጃክ ሌይተን የጀልባ ጣቢያ የሚነሣው ጀልባ ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ መንገደኛውን ያደርሳል። በምዕራቡ ጫፍ፣ ሐንላንስ ፖይንት በተባለው ቦታ፣ የከተማው አስተዳደር ለየት ያለ የተፈጥሮ ዋጋ እንዳለው መዝግቦ የሚጠብቀው የአሸዋ ጉብታዎች መስመር ይገኛል። ከውሃው ወደ ውስጥ የሚራመድ ሰው በመጀመሪያ እግር የማያሰምጥ እርጥብ አሸዋ፣ ቀጥሎ እግር የሚያሰምጥ ደረቅ አሸዋ፣ ከዚያም ሣር የበቀለባቸው ዝቅተኛ ጉብታዎች፣ በመጨረሻም ዛፎችን በተራ ያገኛል። እነዚህ አራት እርከኖች የአሸዋውን ጉዞ የመጨረሻ ምዕራፍ ያሳያሉ፤ የመጀመሪያውን ለማግኘት ግን ወደ ምሥራቅ መሄድ ያስፈልጋል።

ማሳው

ከደሴቶቹ በስተ ምሥራቅ፣ ለ15 ኪሎ ሜትር ያህል በሐይቁ ዳር የተዘረጉት የስካርቦሮ ገደሎች ይገኛሉ። በከፍተኛ ቦታቸው 90 ሜትር ገደማ ይደርሳሉ። ስሙን ያወጣችላቸው የላይኛው ካናዳ የመጀመሪያው እንደራሴ ገዥ የጆን ግሬቭስ ሲምኮ ባለቤት ኤልዛቤት ሲምኮ ስትሆን፣ በ1793 ስታያቸው በእንግሊዝ አገር ያለውን የስካርቦሮ ዳርቻ አስታውሰዋታል።

ገደል ሲባል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚታየው የሰሜን ተራሮች ጥቁር ዐለት ሊሆን ይችላል። የስካርቦሮ ገደሎች ግን ዐለት አይደሉም። በምዕራፍ 4 እንደተገለጸው፣ በበረዶ ዘመን ሰሜን አሜሪካን የሸፈነው ግግር በረዶ የሰሜኑን ጥንታዊ ዐለት እየፈጨ ወደ ደቡብ ሲያመጣ፣ ፍጩን ሸክላ፣ ደቃቅ አፈር፣ አሸዋና ጠጠር አድርጎ በዚህ ቦታ ደርቦ ደርድሮታል። ገደሎቹ እንግዲህ በእንጀራ መሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ በንብርብር የቆሙ፣ ማንም በጣቱ ሊፍቃቸው የሚችል የአፈር ግድግዳዎች ናቸው።

ማዕበል እንዲህ ያለውን ግድግዳ የሚያፈርሰው ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው። የጭድ ክምር ከሥሩ ሲመዘዝ ከላይ እንደሚናድ ሁሉ፣ ውሃው የገደሉን እግር በቦረቦረ ቁጥር ከላይ ያለው ክፍል ሚዛኑን ስቶ ይወርዳል። ይህ በገደሉ አናት ላይ ላለው ባለ ቤት አደጋ፣ ለዳርቻው ግን ገቢ ነው፤ የቶሮንቶ አሸዋ ዋነኛ ማሳ እነዚህ የሚናዱ ገደሎች ናቸውና።

መንገዱ

በገደሉ ሥር የወደቀው አፈር ወደ ደሴቶቹ እንዴት ይደርሳል? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም አንድ እንቆቅልሽ አለበት። በቶሮንቶ አዘውትሮ የሚነፍሰው ነፋስ የምዕራብ ነፋስ ነው፤ አሸዋው ግን የሚጓዘው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ነፋሱን በሚቃረን አቅጣጫ ነው።

የእንቆቅልሹ ፍቺ በጉግስ ሜዳ ላይ ይታያል። ከአጭር ርቀት የተነሣ ፈረስ ምንም ቢኮለኮል ኃይል አያገኝም፤ ከሜዳው ዳር የተንደረደረ ግን ሲደርስ የሚያስፈራ ግስጋሴ ይዞ ነው። ማዕበልም እንዲሁ መንደርደሪያ ይፈልጋል። የማዕበል አጥኚዎች ነፋስ ያለ እንቅፋት በውሃ ላይ የሚሄድበትን ርቀት ከማዕበል መጠን ወሳኞች አንዱ አድርገው ይቈጥሩታል። ቶሮንቶ የተቀመጠችው በሐይቁ ምዕራባዊ ክፍል በመሆኑ፣ ከምዕራብ የሚመጣው ነፋስ ያለው መንደርደሪያ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ብቻ ሲሆን፣ ከምሥራቅ የሚመጣው ግን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ክፍት ውሃ ያገኛል። የምሥራቅ ነፋስ የሚነፍስባቸው ቀናት ጥቂት ቢሆኑም፣ በእነዚያ ቀናት የሚደርሰው ማዕበል የአሸዋውን አቅጣጫ ይወስናል።

ይህ ማዕበል ዳርቻውን የሚመታው በሰያፍ ነው። ውሃው አሸዋውን ተሸክሞ በሰያፍ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲመለስ ግን የመሬቱን ቁልቁለት ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አንድ ሰው ዳገቱን አግድም እየወጣ፣ ቁልቁለቱን ቀጥ ብሎ እየተንሸራተተ ቀኑን ሙሉ ቢደጋግመው፣ ምንም እንኳ አንድም ጊዜ ወደ ጎን ልሂድ ብሎ ባይነሣ፣ ማታ ራሱን ከተነሣበት ራቅ ብሎ ያገኘዋል። የአሸዋ ቅንጣትም በእያንዳንዱ ማዕበል ጥቂት ጥቂት ወደ ምዕራብ ይገፋል። በዳርቻው ርዝመት የሚደረገው ይህ ጉዞ የዳርቻ ግፊት ሊባል ይችላል። ዳርቻው ወደ ወደቡ አፍ ሲታጠፍ አሸዋው ግን ቀጥ ብሎ ይቀጥላል፤ ውሃው ጥልቅ በሆነበትና ኃይሉ በደከመበት ቦታም ሸክሙን ያራግፋል። እንዲህ በሺሕ ዓመታት የተራገፈው አሸዋ ወደ ሐይቁ የተዘረጋ ረጅም ምላስ ሠራ።

ይህን የአሸዋ ጉዞ በጽሑፍ ካስረዱት ቀደምት ሰዎች አንዱ መሐንዲሱ ሳንድፎርድ ፍሌሚንግ ነው። ኋላ ዓለም በሰዓት ቀጠናዎች እንድትከፈል በመሟገቱ የታወቀው ይህ ሰው፣ በ1850ዎቹ መጀመሪያ ስለ ቶሮንቶ ወደብ አፈጣጠርና አጠባበቅ ባቀረበው ጥናት፣ የወደቡን ከለላ የሠራው ከስካርቦሮ ገደሎች እየተገፋ የመጣ አሸዋ መሆኑን አስረድቷል።

የውሃ ወንፊት፣ የነፋስ ሰፌድ

ገደሉ የሚያቀርበው ያልተበጠረ ምርት ነው። ሸክላውና ደቃቁ አፈር በውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ወደ ጥልቁ ይሄዳል፤ ትልልቁ ድንጋይ ብዙም ሳይርቅ ይቀራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው፣ ለመነሣት ያልከበደ፣ ተንሳፍፎ ለመቅረትም ያልቀለለ አሸዋ ግን ጉዞውን ይቀጥላል። ሐይቁ በዚህ ረገድ ወንፊት ነው።

ወንፊቱ የሚለየው በመጠን ብቻ ሳይሆን በክብደትም ነው። ከማዕበል በኋላ በቶሮንቶ ዳርቻዎች እርጥብ አሸዋ ላይ ወደ ጥቁርነትና ወደ ወይን ጠጅ ቀለም የሚያደሉ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። ሩቅ ላለ ሰው ቆሻሻ ይመስላሉ፤ ጎንበስ ብሎ ለሚያይ ግን ወይን ጠጁ ጋርኔት የተባለ ማዕድን፣ ጥቁሩም በአብዛኛው ማግኔታይት የተባለ የብረት ማዕድን ቅንጣት ነው። ተራ ማግኔት በወረቀት ጠቅልሎ ወደ ጥቁሩ መስመር ያስጠጋ ሰው፣ ቅንጣቶቹ እንደ ጥቃቅን ፀጉር ተነሥተው ወረቀቱ ላይ ሲቆሙ ያያል። ማግኔታይት በእኩል መጠን ከተራው የአሸዋ ማዕድን፣ ከኳርትዝ፣ ሁለት እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ ስለዚህ ተመላሹ ውሃ ቀላሉን ኳርትዝ ይዞ ሲወርድ ከባዱን ትቶት ይሄዳል። በአዶላና በቤኒሻንጉል ወንዞች ዳር ወርቅ የሚያጥብ ሰው ገበቴውን እያወዛወዘ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የሚያወዛውዘው ሐይቁ መሆኑ ብቻ ነው።

ከውሃው ወንፊት በኋላ የነፋሱ ሰፌድ ይመጣል። በዳርቻው የደረቀ አሸዋ ላይ ነፋስ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲነፍስ ቅንጣቶቹ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። አሸዋ እንደ አቧራ ወደ ሰማይ ለመብነን ይከብዳል፤ ስለዚህ ይዘላል። በጋለ ምጣድ ላይ ያለ ቆሎ እየተፈናጠረ አጠገቡ ያለውን እንደሚያስነሣ፣ አንዱ ቅንጣት ዘሎ ሲወድቅ ሌሎችን ይመታና ያስነሣል። ዝላዩ ከመሬት ብዙም የማይርቅ በመሆኑ፣ በነፋሻ ቀን በዳርቻው የቆመ ሰው መርፌ የሚመስለው ውጋት የሚሰማው ፊቱ ላይ ሳይሆን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው።

ዘላዩ አሸዋ ግንድ፣ ድንጋይ ወይም የሣር ጉጥ ሲያጋጥመው፣ ነፋሱ ከእንቅፋቱ ጀርባ ስለሚደክም ይወድቃል። የወደቀው ራሱ እንቅፋት ይሆንና ሌላ ያስቆማል፤ ጉብታው ተጀመረ ማለት ነው። ከነፋሱ በኩል ያለው ጎኑ ዘንበል ያለ፣ ከጀርባ ያለው ግን ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ይሁንና ቀጥታው ከ34 ዲግሪ ገደማ አያልፍም። ጤፍ ከጆንያ ሲዘረገፍ የሚሠራው ክምር ምንም ቢጨመርበት ይሰፋል እንጂ ከተወሰነ ቀጥታ በላይ እንደማይቆም፣ ደረቅ አሸዋም የራሱ ወሰን አለው፤ የሙያው ሰዎች የዕረፍት ማዕዘን ይሉታል።

እዚህ ላይ ከአውድማ ጋር አንድ ልዩነት አለ። በአውድማ ነፋስ የወሰደው ገለባ ሆኖ ይቀራል፤ ከሥር የወደቀው ምርት ወደ ጎተራ ይገባል። በዳርቻ ግን ወደ ጎተራው የሚገባው ነፋስ የወሰደው ነው።

ጎተራው የሚከፈተውም እንደ ገበሬው በችግር ቀን ነው። ብርቱ ማዕበል ሲመጣ ውሃው እስከ ጉብታዎቹ እግር ደርሶ አሸዋቸውን ይጎትታል፤ የተጎተተው ግን ብዙውን ጊዜ ከዳርቻው ጥቂት ገባ ብሎ በውሃ ሥር እንደ እርከን ይቀመጣል። ቀጣዩ ማዕበል ዳርቻውን ከመምታቱ በፊት በዚያ እርከን ላይ ይሰበራል፤ ጉብታው አሸዋውን አበድሮ ዳርቻውን አተረፈ። አየሩ ሲረጋ ትንንሽ ማዕበሎች ብድሩን ወደ ዳርቻው ይመልሳሉ፤ ነፋስም ወደ ጎተራው ይከታል።

የጎተራው ዘበኛ

ነፋስ የከመረውን ነፋስ መልሶ እንዳይበትነው የሚያደርገው ሣር ነው። ኦንታሪዮ አንዱ በሆነባቸው በታላላቆቹ ሐይቆች ዳርቻ ይህን ሥራ የሚሠራው ማራም የተባለ ረዘም ያለ፣ ቅጠሉ ጠንካራ ሣር ሲሆን፣ ባሕርዩን ለመረዳት የደጋ ገበሬ የሚያውቀውን ሰርዶ ማሰብ ይበቃል። ሰርዶ ከመሬት በታች እየሄደ በየአንጓው እንደሚበቅል፣ ማራምም በአሸዋው ሥር አግድም ይጓዛል፤ ቡቃያዎቹም ልብስ ላይ እንደተሰፋ ክር በቀጥታ መስመር ተከታትለው ብቅ ይላሉ። ከሰርዶ የሚለየው ግን በአሸዋ መቀበር የሚያበረታው መሆኑ ነው። አሸዋ ሲጫነው ወደ ላይ ይመዘዛል፤ አዲስ ሥር ይጥላል፤ ሣሩ አሸዋ ያስቆማል፣ አሸዋውም ሣሩን ያሳድጋል። በነፋስና በጸሐይ የሚጸናው ይህ ተክል የማይችለው ነገር ቢኖር ተደጋጋሚ ርግጫ ነው፤ በአንድ መስመር የሚመላለስ እግር ግንዱን ሰብሮ ባዶ መተላለፊያ ይከፍታል፤ ነፋስም በዚያ በር ገብቶ ጉብታውን ይቦረቡረዋል።

ዘበኛው ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ለማየት ከቶሮንቶ ወደ ምሥራቅ በዚያው ሐይቅ ዳር ወደሚገኘው ወደ ፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ መሄድ ይቻላል። በዚያ የሚገኘው የሳንድባንክስ ፓርክ ጉብታዎች ከሐይቁ ጋር የተያያዙ የውሃ ገቦችን አፍ የዘጉ ትልልቅ የአሸዋ ግድቦች ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ገበሬዎች ከብቶቻቸውን በጉብታዎቹ ላይ ሲያሰማሩ ሣሩ ተግጦ አለቀ፤ የታሰረው አሸዋ ተፈታና ወደ ውስጥ ተጓዘ፤ መንገድና የጡብ ፋብሪካ ሳይቀር ቀበረ። አሸዋውን መልሶ ለማሰር በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ዛፍ መትከል ግድ ሆኗል።

ገቢው ሲቋረጥ

የቶሮንቶ ደሴቶች ሁልጊዜ ደሴት አልነበሩም። የአካባቢው ነባር የሆነው የሚሲሳጋ ሕዝብ ለፈውስ ይመጣበት የነበረውና ኤልዛቤት ሲምኮ በፈረስ የተመላለሰችበት ቦታ ከምሥራቅ በኩል ከየብስ ጋር የተያያዘ የአሸዋ ምላስ ነበር። በኢትዮጵያ ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ከ3 ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1858፣ ብርቱ ማዕበል የምላሱን ቀጭን አንገት ቆረጠ። ከዚያ ወዲህ የተከፈተው መተላለፊያ አልተዘጋም፤ ምላሱም ደሴት ሆኖ ቀረ።

የዚህ ሒሳብ ምስክር በደሴቶቹ ደቡብ ምዕራብ የቆመው የጂብራልታር ፖይንት የመርከብ መብራት ማማ ነው። በ1808 ሲሠራ ከውሃው 8 ሜትር ገደማ ብቻ ይርቅ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ በማማውና በሐይቁ መካከል 100 ሜትር ገደማ የብስ ተዘርግቷል። ማማው አልተንቀሳቀሰም፤ በፊቱ የተጨመረው የሁለት መቶ ዓመት ተቀማጭ ነው። የደሴቶቹ የዛሬ ቅርፅ የማዕበል ሥራ ብቻ አለመሆኑም መታወቅ አለበት፤ ወደቡ ሲጠረግ የወጣ አሸዋ በሰው እጅ ብዙ ቦታ ሞልቷል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ግን ገቢው ከሁለት በኩል ተቀነሰ። በአንድ በኩል፣ በስካርቦሮ ገደሎች አናት ላይ የተሠሩ ቤቶች እንዳይናዱ የገደሎቹ እግር በብዙ ቦታ በድንጋይ ተከለለ። ቤት ማዳን የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ይሁንና ገደሉ በዳነ መጠን ማሳው ምርት ማቅረቡን ይቀንሳል። በሌላ በኩል፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ የወደቡ አስተዳደር ከሌስሊ ጎዳና ጫፍ ጀምሮ ከፈረሱ ሕንፃዎች የወጣ ጡብ፣ ኮንክሪትና አፈር ወደ ሐይቁ መድፋት ጀመረ፤ ይህም 5 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውሃው የሚገባ ክንድ ሆነ። ክንዱ በአሸዋው መንገድ ላይ አግድም የተኛ በመሆኑ ከምሥራቅ የሚመጣውን ያስቀረዋል። የሚገርመው ይህ የፍርስራሽ ክምር ራሱ ዛፍ አብቅሎና ወፎችን ሰብስቦ፣ ዛሬ ቶሚ ቶምፕሰን ፓርክ በሚል ስም ከከተማዋ ዋነኛ የተፈጥሮ ሥፍራዎች አንዱ መሆኑ ነው። አንዱን የተፈጥሮ ሥፍራ የወለደ ሥራ ሌላውን ከቀለቡ ቆረጠው።

ገቢው የቀነሰ ቤተሰብ የሚፈተነው ድንገተኛ ወጪ ሲመጣ ነው። በ2017 የኦንታሪዮ ሐይቅ ከተለመደው በላይ ሞልቶ ደሴቶቹ ለጎብኚዎች ለወራት ተዘጉ፤ በ2019ም ውሃው እንደገና ከፍ አለ። ውሃ ከፍ ሲል ማዕበል ዘወትር የማይደርስበት ቦታ ይደርሳል፤ የሚነካውም ተቀማጩን ነው። በቀድሞው ዘመን የምሥራቁ ገደል የወጣውን ይተካ ነበር፤ አሁን የሚተካው ጥቂት በመሆኑ፣ ከሐንላንስ ፖይንት የሚወጣው እያንዳንዱ ቁና አሸዋ ከዋናው ተቀማጭ ይቈጠራል።

ለጎብኚው የሚቀረው ድርሻ

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት በቶሮንቶ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በአንድ ቦታ መሸርሸርን የሚያቆም ግንብ በሌላ ቦታ ያለን ዳርቻ ያስርባል፤ ስለዚህ ስለ አንድ ዳርቻ የሚወስን ሰው በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው አሸዋው ከየት እንደሚመጣና በመንገዱ ላይ ምን እንደቆመበት ነው። በዓባይ ተፋሰስ የላይኛው ገበሬና የታችኛው ግድብ በአንድ አፈር እንደሚገናኙ ሁሉ፣ የስካርቦሮ ባለ ቤትና የሐንላንስ ፖይንት ጉብታም በአንድ አሸዋ ተዛማጆች ናቸው።

የገደሉ መከለያና የሌስሊ ክንድ ጉዳይ የመሐንዲሶችና የከተማ አስተዳደር ሥራ ነው። ጎብኚው በእጁ ያለው ሣሩ ብቻ ነው፤ ሣሩ ደግሞ የጎተራው ዘበኛ መሆኑ ታይቷል። ስለሆነም በበጋ እሑድ ከጀልባ የሚወርድ አንባቢ ማግኔቱን ይያዝ፤ ጥቁሩን መስመር ይፈልግ፤ በነፋሻ ቀንም የአሸዋውን ዝላይ በቁርጭምጭሚቱ ይወቀው። ወደ ውሃው ሲሄድና ሲመለስ ግን በተዘጋጀው መተላለፊያ ይለፍ፤ የታጠረውን ሣር ዞሮ ለማለፍ የሚያስፈልገው አንድ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው።